አንድ ጣት ዝቅ

ጋሽ ዘመም በሃምሳ ስምንት ዓመት ዕድሜው ቁጭ ብሎ የጨረሰው ነገር ቢኖር አንድ ጥርስ ማስነቀል ነው፤ እሱንም ቢሆን ሐኪሙ ደረቱን በጉልበቱ ተጭኖ ነው ያስጨረሰው ይባላል። ምሳውን ቆሞ ይበላል፣ ሻዩን እየተራመደ ይጠጣል፣ ጋዜጣ ሲያነብ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው እስኪሻገር ግቢውን ሁለት ጊዜ ይዞራል። እንቅልፍ እንኳ የሚወስደው ቀኝ እግሩን ከአልጋው ውጭ አንጠልጥሎ ነው። የሆነ ቦታ የሆነ ነገር ድንገት ቢጣመም፣ እግር ከብርድ ልብስ ሲያወጣ ጊዜ እንዳያልፍበት።

ቅጽል ስሙ የወጣለት ከአንገቱ ነው። በባህል ማዕከሉ ትልቅ አዳራሽ ሃያ አንድ ዓመት ሥዕል ሲሰቅል፣ በሰቀለ ቁጥር ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ጭንቅላቱን ወደ ቀኝ ዘንበል ሲያደርግ ኖሮ፣ አንገቱ አንድ ቀን ሳይመለስ እዚያው ቀረ። ፎቶ ቤት ሲሄድ ፎቶ አንሺው ካሜራውን አዘንብሎ ነው የሚያነሣው። እሱ ግን ቀና ያላለው ዓለም እንጂ የራሱ አንገት አይመስለውም። ልቅሶ ቤት ገብቶ የሟቹን ፎቶግራፍ ሳያስተካክል የወጣበት ጊዜ የለም። አንዴ ባንክ ቤት ከገንዘብ ተቀባይዋ ጀርባ የተሰቀለ ማስታወቂያ እጁን በልቶት፣ ሊያቃናው በመስኮቱ ሲንጠላጠል ሁለት ዘበኞች በብብቱ ይዘው አውጥተውታል። ደጅ ካወጡት በኋላም ለዘበኞቹ፣ «በግራ በኩል ትንሽ ከፍ፣ አደራ» አላቸው አሉ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የቤታቸው የፊት ክፍል የስፌት ቤቷ ነው፤ የስፌት መኪናዋ በመስኮቱ ሥር ቆማለች፣ ጋሽ ዘመም በመኪናዋ ዙሪያ ይዞራል። ሠላሳ ዓመት ዞሮ ሲሚንቶው ላይ ክብ የሆነ ለስላሳ መንገድ አውጥቷል። ደንበኞቿ ከመንገዱ ገለል ብለው መለካት ለምደዋል።

እንግዲህ ስለ አዳራሹ አንድ ምስጢር አለ፤ ምስጢሩን የሚያውቁት ባልና ሚስቱ ብቻ ናቸው። አዳራሹ አዳራሽ ሳይሆን በፊት የአውቶቡስ ማጠቢያ ነበር። የመኪና ማጠቢያ ወለል ደግሞ ውሃው እንዲወርድ ሆን ተብሎ ዘቅዘቅ ተደርጎ ነው የሚሠራው። የባህል ማዕከል ይሁን ሲባል ወለሉ ላይ ሰድር ነጠፉበት፣ ከላይ ኮርኒስ ሠሩለት። የኮርኒሱ ባለሙያ ደግሞ ጎበዝ ሰው ነበርና ከወለሉ እየለካ ሄደ፤ ኮርኒሱም ከወለሉ ጋር እኩል ወረደ። እናም አዳራሹ ከበሩ ጀምሮ እስከ ውስጠኛው ግድግዳ ድረስ ሁለመናው ያዘመመ ነው፤ ሁለመናው አብሮ ስላዘመመ ግን ቀጥ ያለ ይመስላል።

ጋሽ ዘመም ይህን ያወቀው በተቀጠረ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ውሃ ልክ ይዞ፣ ጠርሙሷ ውስጥ ያለችውን አረፋ መሀል ላይ እያስቀመጠ፣ አርባ ሥዕል በጎኖቹ ግድግዳዎች ላይ ሰቀለ። ከዚያ በሩ ጋ ሄዶ ሲያይ አርባውም በጥፊ የተመቱ መሰሉ። የዚያን ጊዜው አለቃ መጥቶ አየና «ምን ጠጥተህ ነው?» አለው። ጋሽ ዘመም ውሃ ልኩን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ በዓይኑ ሰቀላቸው። አንድ ሜትር ለሚሆን ሥዕል፣ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ያለው ጎኑ አንድ ጣት ዝቅ። በቃ። አርባው ሥዕል እፎይ አለ፤ አለቃውም አፉን ዘጋ።

ለማንም አልተናገረም። መጀመሪያ የጠየቀው ሰው ስላልነበረ፣ ቆይቶ ደግሞ መናገሪያው ጊዜ ስላለፈ። ለሚስቱ ሲነግራት መርፌዋን በከንፈሯ እንደያዘች፣ «ታዲያ ይሄ ምን ያስደንቃል?» አለችው። «ያ አንድ ትከሻው የወረደ ፖስተኛ የለም? ኮቱን እኩል አድርጌ ብሰፋለት ኮቱ ያሳብቅበታል። አጣምሜ እሰፋለታለሁ፣ እሱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።»

ሃያ አንዱ ዓመት እንዲህ አለፈ። ከዚያ አዲሷ ሥራ አስኪያጅ መጣች።

ሥራ አስኪያጇ ክፉ ሰው አልነበረችም። ቅጽ ብቻ ትወዳለች። በመጣች በሦስተኛው ወር ለሁሉ ነገር ቅጽ ነበረው፤ ቅጽ ለመጠየቅም ቅጽ ነበረው። አንድ ቀን ጋሽ ዘመምን ቢሮዋ አስጠርታ ወንበር አቀረበችለት። እሱ ወንበሩን እንደማያውቀው ውሻ ገለል ብሎ አልፎት ቆመ።

«ጋሼ፣ በሚቀጥለው ወር ስድስት አንጋፋ ሠዓሊዎች አብረው ያሳያሉ። በማዕከላችን ታሪክ ተደርጎ አያውቅም።»

«ሰማሁ እመቤቴ። ስድስቱ አንድ ጣራ ሥር ሲገቡ ጣራውን እግዜር ይጠብቀው።»

«ሲያበቃ ስድስቱም ይህንን ይሞላሉ» ብላ አንድ ወረቀት ሰጠችው። ርእሱ «የስቅላት አገልግሎት የእርካታ መለኪያ ቅጽ» ይላል። ጋሽ ዘመም አንብቦ ለራሱ ነፍስ ፈራ። «አንዳቸው እንኳ ቅር ከተሰኙ የመስቀሉን ሥራ ለውጭ ድርጅት እንሰጣለን። እርስዎ አይጨነቁ፣ ምድር ቤት የወንበር ክፍሉ ሰው ይፈልጋል። ጠረጴዛ አለው፣ መዝገብ አለው። ከጠዋት እስከ ማታ ቁጭ ብለው ነው የሚሠሩት። ለዕድሜዎም ጥሩ ነው።»

ይህን ያለችው ከልቧ አዝናለት ነው፤ የከፋውም ይኸው ማዘኗ ነበር። ጋሽ ዘመም የወንበር ክፍሉን ያውቀዋል። መስኮት የለውም፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ አንድ ነገር የለም። አምስት መቶ ወንበር፣ አንዱ በአንዱ ላይ፣ ሁሉም ቁጭ ይሉብኛል ብለው የሚጠብቁ። ከቢሮው ወጥቶ ሳያስበው ማዕከሉን በእግሩ አራት ጊዜ ዞረ።

ስድስቱ አንጋፋዎች አብረው አንድ ክፍል ከገቡ አሥራ አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር። የተለያዩትም በአንድ የብሩሽ ማጠቢያ ጣሳ ተጣልተው ነው ይባላል። ዝግጅቱ እንደተጀመረ ስድስቱም በየተራ ለጋሽ ዘመም ደወሉለት፤ ስድስቱም ያሉት አንድ ነው። «እኔ እንኳን ለቦታ የምጨነቅ ሰው አይደለሁም። ግን ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ሥራዬን ይወደዋል።» ስለዚህ ያ ግድግዳ ለማንም ሳይሰጥ የስማቸው ሰሌዳ ተሰቀለበት። አንዱ ከአንዱ እንዳይቀድም ስማቸው በክብ ተጻፈ። ግማሽ ቀን ሰላም ሆነ። ከሰዓት በኋላ ክብም አናት እንዳለው አንዳቸው ደረሰበት። ተመክሮ ተዘክሮ ሰሌዳው በየቀኑ አንድ ስም ወደ ላይ እንዲዞር ተወሰነ፤ የማዞሩ ሥራም ለጋሽ ዘመም ተሰጠ። በዚህም ዘዴ በየቀኑ አንድ ሰው አናት ላይ ሲነግሥ፣ አንዱ ደግሞ በአፍጢሙ ተተክሎ ይውላል።

አርባ ስምንት ሥዕል ነበር፤ ለእያንዳንዱ ስምንት ስምንት፣ ሦስቱ በግራ ግድግዳ፣ ሦስቱ በቀኝ። ጋሽ ዘመም ሁለት ቀን ሙሉ ከመሰላሉ አልወረደም ማለት ይቻላል። ሚስማር በጥርሱ፣ መዶሻ በቀበቶው፣ ሲባጎ በአንገቱ። ዓይኑን ጨፈን፣ ገለጥ፣ አንድ ጣት ዝቅ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ቆሞ ሲያይ፣ ከሥራ አስኪያጇ ቢሮ ወዲህ ደረቱ ውስጥ የሚሯሯጠው ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ጋብ አለለት።

በዚያው ሰዓት ባለመስመሩ ገባ።

ባለመስመሩ ከስድስቱ አንዱ ነው። በሕይወቱ የሳለው መስመር ብቻ ነው፤ ያውም አግድም መስመር። ቆሞ የሚሄድ መስመር ይረብሸዋል። ሚስቱን የመረጣት በፀጉሯ ክፋይ ቀጥነት ነው የሚሉ አሉ፤ በኋላ ፀጉሯን ስትቆረጥ ለአንድ ወር አኩርፏታል። እሱ ራሱ ቀጭን ረጅም ሰው ነው። ወደ ሥዕሉ ቀረበና፣ ሰው ብዕር ከሚይዝበት የደረት ኪሱ የጣት ያህል ውሃ ልክ አወጣ፤ ሐኪም የትኩሳት መለኪያ እንደሚያወጣ አድርጎ። የሥዕሉ ፍሬም ላይ አስቀመጣት። አረፋዋ ወደ አንዱ ጥግ ሄዳ ተለጠፈች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሥዕልዎ ነው፣ መምህር።»

«ሥዕሌንማ አውቀዋለሁ። አረፋዋ የት ሄደች ነው የምልህ።»

ጋሽ ዘመም አንገቱን አከከ። «መምህር፣ አንዴ ወደ በሩ መለስ ብለው በዓይንዎ ይዩት።»

«ዓይን ይሳሳታል።»

«ቤትም ይሳሳታል።»

«ምን አልክ?»

«ወለሉም ኮርኒሱም ወደ ውስጥ ይወርዳሉ። በውሃ ልክ ከሰቀልኩት የተጣመመ ይመስላል፣ አንድ ጣት ዝቅ ካደረግሁት ደግሞ...»

«እኔ ለዚህ ማዕከል የሰጠሁት ሥዕል ነው ምንጣፍ? ወለሉ ምን አገባው?» አለ ባለመስመሩ። ከዚያም ውሃ ልኩን ይዞ አርባ ስምንቱን ሥዕል በየተራ ለካ። በየሥዕሉ ራሱን እየነቀነቀ ሲሄድ፣ ጋሽ ዘመም ከኋላው እየተከተለ በየሥዕሉ አንድ ዓመት ያረጅ ነበር። የአርባ ስምንተኛው አረፋ ስትሸሽ ሥራ አስኪያጇ ተጠራች።

«ጋሼ፣ ማዕከሉ አዘሟል ነው የሚሉት?»

«ትንሽ። ብዙ አይደለም።»

«በጽሑፍ ያቀርቡታል?»

ጋሽ ዘመም በጽሑፍ ካቀረበ ጉዳዩ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ከላይ አጣሪ ኮሚቴ ይመጣል፣ ኮሚቴው እስኪጨርስ አዳራሹ ይዘጋል። ባለፈው የመጸዳጃ ቤቱን ቧንቧ ሊያጣራ የመጣው ኮሚቴ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሁለቱ አባላት በዚሁ ሥራ ላይ እያሉ ጡረታ ወጥተዋል። ሥራ አስኪያጇም ይህን ታውቃለች፤ ጥያቄውን ስትጠይቅ ድምፅዋ ዝቅ ያለውም ለዚያ ነው።

«አላቀርብም» አለ።

«እንግዲያው በውሃ ልክ ይሰቀል። መምህር ቅር እንዳይላቸው» አለችና ወደ እሱ ጠጋ ብላ ጨመረችበት፤ «ቅጹን ያስታውሱ።»

በውሃ ልክ ተሰቀለ። ጋሽ ዘመም አረፋዋን ወደ መሀል ባመጣ ቁጥር ጥርሱን የሚነቅሉት ያህል ያቃስታል። ባለመስመሩ ራሱ ከሥሩ ቆሞ «ከፍ፣ ዝቅ፣ በቃ» እያለ ያዘዋል። ሲጨርሱ ባለመስመሩ በሩ ጋ ሄዶ አየ። መነጽሩን አወለቀ፣ በመሐረቡ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። እንደገና አወለቀ።

«መነጽሬን መቀየር አለብኝ» ብሎ ሄደ።

ሌሎቹም ሠዓሊዎች በየተራ ብቅ አሉ። እያንዳንዳቸው የራሳቸው ስምንት ብቻ የተጣመሙ መሰላቸው፤ ይህን ያደረገባቸውም የጣሳው ባላጋራቸው እንደሆነ ገባቸው። ቅጹ ላይ የሚጽፉትን በልባቸው እያረቀቁ ወጡ።

የመክፈቻው ዕለት ጠዋት ጋሽ ዘመም በስፌት መኪናዋ ዙሪያ በፍጥነት ከመዞሩ የተነሣ የሚስቱ ክር ከመኪናው እግር ጋር ተጠመጠመ።

«አንተ ሰውዬ፣ ቁም። ክሬን ጨረስክብኝ።»

«አርባ ስምንት ናቸው እኮ። አርባ ስምንቱም አንድ ላይ። ዓይኔን ስጨፍን ይታዩኛል፣ ስገልጥም ይታዩኛል።»

«ይታዩህ። ሥዕል ተጣመመ ብሎ የሞተ ሰው የለም። አንተ ግን ያ ወንበር ክፍል ከገባህ ሳምንት አትቆይም፤ ምድር ቤት ውስጥ ትፈነዳለህ፣ እኔ ደግሞ ከአምስት መቶ ወንበር ላይ ስለቅምህ እውላለሁ።» ክሩን እየፈታች ቀና ብላ አየችው። «ዛሬ አንድ ቀን ብቻ። እጅህን ኪስህ ክተት፣ አፍህን ዝጋ፣ ቅጹ ይሞላ። ይሄው ነው።»

«እሺ።»

«ማለልኝ።»

«በአንቺ መቀስ» ብሎ ማለ። ይህች መሐላ በቤታቸው ትልቋ መሐላ ናት።

ስምንት ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። ሥራ አስኪያጇ በሩ አጠገብ ለጋሽ ዘመም አንድ ወንበር አስቀምጣ ነበር፤ «ከአሁኑ ቢለምዱት» ብላ። ተቀመጠ። ከሥሩ እሾህ የበቀለበት ያህል ይቁነጠነጣል። ሁለቱን እጆቹን እስከ ክርኑ ድረስ ኪሱ ከቷል፤ የኪሱ ጨርቅ እንደ ቅሪላ ተወጥሯል።

እንግዶቹ ሲገቡ ደኅና ነበሩ። አዳራሹ መሀል ሲደርሱ ግን አንድ ነገር ይነካቸዋል። መጀመሪያ አንገታቸውን ዘንበል ያደርጋሉ፣ ከዚያ ትከሻቸውን፣ ከዚያ ወገባቸውን። ሦስት መቶ ሰው ወደ አንድ ወገን ጋደል ብሎ ቆመ፤ ከውጭ በመስኮት ላየ፣ አዳራሹ ውስጥ ኃይለኛ ነፋስ የሚነፍስ ይመስላል። ጭማቂ የምታዞረው ልጅ ትሪዋን በሆዷ ደግፋ በግድግዳ ጥግ ጥግ ሄደች። አንድ ወፍራም ሰውዬ የሚስቱን ክንድ ይዞ «መሬቱ እየሄደ ነው?» አላት፤ «ያንተ ሆድ ነው የሚሄደው» አለችው፤ ግን እሷም ቀበቶውን ይዛለች። የክብር እንግዳው የስምንት ገጽ ንግግር ይዞ መጥቶ ነበር። በሁለተኛው ገጽ ላይ ሚዛኑን ሳተና ማይክራፎኑን አቅፎ «በአጠቃላይ ተከፍቷል» ብሎ ወረደ።

አንድ የጋዜጣ ሰው ብቻ ደስ አለው። ጎኑን ግድግዳው ላይ ደግፎ እየጻፈ፣ «ዘመናችን የቆመበት መሬት መናጡን እንዴት ባለ ድፍረት አሳይተውታል» አለ። በአጠገቡ ያሉ ሦስት አንጋፋዎች ወዲያው፣ «እሱን ነው ያሰብነው» አሉ። ሦስቱ በአንድ ነገር ሲስማሙ በአሥራ አራት ዓመት የመጀመሪያቸው ነው።

ጋሽ ዘመም ይህንን ሁሉ ከወንበሩ ያያል። ግራ እግሩ ለብቻው ወለሉን ይደበድባል። ሊነሣ ይልና የሚስቱን መቀስ ያስታውሳል። ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል፤ እሱም ቢሆን ወደ አንድ ጎን ዘሞ።

በዚህ መሀል ባለፈረሷ ደረሰች።

ባለፈረሷ ከስድስቱ በዕድሜ ትልቋ ናት፤ ሰባውን አልፋለች፣ በከዘራ ትሄዳለች፣ ቀጠሮ አክብራ አታውቅም። ፈረስ እንጂ ሌላ አትስልም። ስምንቱም ፈረሶቿ በግራው ግድግዳ ወደ ውስጥ ይጋልባሉ። ፊታቸው ቆማ ቆማ፣ ከዘራዋን አንዴ መሬቱ ላይ መታ አድርጋ በቀጥታ ወደ ጋሽ ዘመም መጣች።

«አንተ ልጅ።»

«አቤት፣ እትዬ።»

«ፈረሶቼን ዳገት ማን አወጣቸው?»

ጋሽ ዘመም ወደ ግድግዳው ማየት አልፈለገም፤ አየ። እውነት ነው። የአዳራሹ ወለል ወደ ውስጥ እየወረደ፣ ፈረሶቹ ግን ቀጥ ብለው ሲጋልቡ አቀበት የሚወጡ ይመስላሉ።

«እኔ የለቀቅኋቸው ሜዳ ላይ ነው» አለች ባለፈረሷ። «ዕድሜ ልካቸውን ሜዳ ላይ ሮጠው በስተርጅና አቀበት? ያቺን ቡላ ፈረስ ተመልከታት፤ አሁን ልታስል ነው። እዚህ አዳራሽ አራት ጊዜ አሳይቻለሁ። አራቱንም የሰቀልክልኝ አንተ ነህ። እንዲህ ሆነው አያውቁም።»

«ዛሬ በውሃ ልክ ነው የተሰቀሉት፣ እትዬ። ትክክል ናቸው።»

«ትክክል ናቸው ወይ አላልኩህም። ያኔ ምን ነበር የምታደርገው?»

ሃያ አንድ ዓመት ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ ነው። «አንድ ጣት ዝቅ። በውስጠኛው ጎን።»

«ይሄው ነው?»

«ይሄው ነው።»

«ታዲያ ምን አስቀመጠህ?»

«ቅጹ ነዋ፣ እትዬ። ባለመስመሩ ካዘዙት ከወጣሁ ቅር ይላቸዋል። ከስድስታችሁ አንድ ሰው ቅር ካለው ደግሞ ወንበር ክፍል ነኝ። ቁጭ ብዬ ነው የምሠራው።»

ባለፈረሷ በከዘራዋ እጀታ ደረቷን ነካች። «እኔ ሰው አይደለሁም እንዴ? እኔን እኮ ቅር ብሎኛል።»

ጋሽ ዘመም ይህን አላሰበውም ነበር። ቢነሣ ባለመስመሩ ቅር ይለዋል፤ ቢቀመጥ ባለፈረሷ ቅር ይላታል። በየትም በኩል ቢኬድ መድረሻው ምድር ቤት ነው። መድረሻው አንድ ከሆነ ደግሞ፣ ቢያንስ እስከዚያ ድረስ ለምን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል? እጆቹን ከኪሱ ሲያወጣ የአንዱ ኪስ ስፌት ተተረተረ።

መሰላል አላስፈለገውም። የመጀመሪያውን ፈረስ በሁለት መዳፉ ያዘ፣ ዓይኑን ጨፈን ገለጥ አደረገ፣ አንድ ጣት አወረደው። ፈረሱ ሜዳ ገባ። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። ሥራ አስኪያጇ ለእንግዶቹ ፈገግ እንዳለች፣ በጥርሷ መሀል እየተናገረች ደረሰች።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እየሠራሁ ነው፣ እመቤቴ።»

«መምህር ያዩዎታል።»

«ይዩኝ። ያቺ ቡላ ግን ማሳል የለባትም።»

ስምንተኛው ፈረስ ሲወርድ በዚያ ግድግዳ ፊት የቆመው ሰው ወገቡን አቀና። መርከብ ላይ ከርሞ የብስ እንደረገጠ ሰው አንዱ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ወፍራሙ ሰውዬ የሚስቱን ክንድ ለቀቀ። ሦስት መቶ ሰው ቀስ በቀስ ወደ ፈረሶቹ ተጠጋ፤ የቀሩት ሠዓሊዎች ሰው ባጣ ግድግዳቸው ፊት ለየብቻቸው ቀሩ። ይህን ደግሞ የትኛው አንጋፋ ይችለዋል። «ዘመናችን መናጡ»ን ረስተው ሦስቱ ፈጥነው መጡ፣ አራተኛው ተከተለ። «እኔን ለምን ዘለልከኝ?» «የሷ ፈረስ ከኔ የሚበልጠው በምኑ ነው?» እያሉ እጅጌውን ይጎትቱታል። ጋሽ ዘመም ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየሮጠ አርባውን ሥዕል በአርባ ደቂቃ አወረደ። የቀሩት ስምንቱ የባለመስመሩ ብቻ ናቸው።

ባለመስመሩ ውሃ ልኩን አውጥቶ ወደ ፈረሶቹ ሄደና ቡላዋ ላይ አስቀመጣት፤ አረፋዋ ሸሸች። ቀና ብሎ ቡላዋን አየ። ወደ ራሱ ሥዕል ተመለሰና ለካ፤ አረፋዋ መሀል ቁጭ አለች። ቀና ብሎ መስመሮቹን አየ። ወደ በሩ ሄደ። ተመለሰ። ይህንኑ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲመላለስ ጋሽ ዘመም እንኳ በእርምጃው ብዛት ቀናበት። እንግዶቹ ተሸኝተው፣ ብርጭቆ ሲሰበሰብ፣ ሁለቱ ብቻ ሥዕሎቹ ፊት ቆሙ።

«ልንካቸው፣ መምህር?»

«እንዳትነካ።»

«እሺ።»

«አረፋዋ አትዋሽም።»

«አትዋሽም፣ መምህር።»

ባለመስመሩ መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ከተተና ሳይሰናበት ሄደ። ጋሽ ዘመም ያን ምሽት ለሚስቱ ሁሉንም ነገራት። እሷም በመቀሷ መማሉን አስታውሳ ሦስት ቀን አላናገረችውም፤ የተተረተረውን ኪስ ግን በማግሥቱ ሰፍታ በር ላይ ሰቅላለት ነበር።

ዐውደ ርእዩ ሦስት ሳምንት ቆየ። ሦስቱንም ሳምንት ጋሽ ዘመም በየጠዋቱ ሰሌዳውን ያዞራል፣ በየጠዋቱ ወንበር ክፍሉን በደረጃው አናት ሆኖ አጮልቆ ያያል። ባለመስመሩም በየቀኑ ይመጣል፤ ማንንም ሳያናግር በሩ ላይ ይቆማል፣ ይሄዳል። በመጨረሻው ሳምንት አንድ ጠዋት ጋሽ ዘመም ለበሩ የሚቀርበውን የባለመስመሩን ሥዕል ሲያይ አንድ ነገር ዓይኑን ቆረጠው። ቀረበ። ሥዕሉ ግማሽ ጣት ወርዷል። ግማሽ፣ ከዚያ አላለፈም። ከፍሬሙ ጥግ፣ ግድግዳው ላይ፣ ፀጉር የምታህል ቀጥ ያለች የእርሳስ ምልክት አለች። ጋሽ ዘመም ምልክቷን በአውራ ጣቱ አበሰና ለማንም አልተናገረም።

ቅጾቹ ተሞልተው የመጡ ዕለት ሥራ አስኪያጇ አስጠራችው። ወንበር አቀረበች፤ ቆመ።

«አራቱ ረክተናል ብለዋል» አለች ወረቀቶቹን እያገላበጠች። «ባለፈረሷ ሳጥኑ ላይ ምልክት በማድረግ ፈንታ ‘ፈረሶቹ ደኅና ናቸው’ ብለው ጽፈዋል። እንደ እርካታ ይዤዋለሁ። የቀሩት መምህር ናቸው።»

ጋሽ ዘመም የቆመበት ቦታ ላይ እግሩን ይቀያይር ጀመር። ሥራ አስኪያጇ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። የባለመስመሩ ጽሕፈት በማስመሪያ የተሠመረ ያህል ነው።

«‘ሰቃዩ ተሳስቷል’ ይላሉ።»

የጋሽ ዘመም እግር ቆመ።

«‘አዳራሹም እንዲሁ ተሳስቷል፤ በመጠኑም በአቅጣጫውም እኩል። ሁለቱን መለያየት ሦስተኛ ስህተት ነው።’ ምልክት ደግሞ የትኛውም ሳጥን ላይ አላደረጉም።» ወረቀቱን አዙራ ጀርባውን አየች። «ይሄ ምንድን ነው? እርካታ ነው ወይስ ቅሬታ?»

«እኔ እንጃ፣ እመቤቴ። ልክ ግን ነው።»

ሥራ አስኪያጇ ብዙ አሰበች። ቅሬታ ብትለው ቅጹ ወደ ላይ መሄድ አለበት። ወደ ላይ ሲሄድ «አዳራሹ ተሳስቷል» የሚለውም አብሮ ይሄዳል። ከዚያ ኮሚቴ ይመጣል። ከመጸዳጃ ቤቱ ኮሚቴ ጋር ኮሪደር ላይ እየተጋፉ ሲኖሩ ታያት። ብዕሯን አንሥታ፣ ራሷ «እርካታ» የሚለው ሳጥን ላይ ትንሽ ምልክት አደረገችና ወረቀቱን ከአምስቱ ጋር አያይዛ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

«ይቀጥላሉ፣ ጋሼ። እንኳን ደስ አለዎት» አለች። ጋሽ ዘመም ለምስጋና ቃል ሲፈልግ፣ እሷ እንደ ደግነት ልታክልለት ፈለገች። «የሚቀጥለው ዐውደ ርእይ ደግሞ ዕረፍት ነው የሚሆንልዎ። የቅርጻ ቅርጽ ነው። ምንም የሚሰቀል የለም፤ ሁሉም ወለሉ ላይ ነው የሚቆሙት።»

«ወለሉ ላይ?»

«ወለሉ ላይ። አሥራ አንድ ናቸው፣ ሁሉም ከድንጋይ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ይገባሉ። አንደኛው እንዲያውም ሙሉ ክብ ነው፤ እንደ ኳስ፣ ቁመቱ ሰው ያህላል። በሩ አጠገብ ይቀመጥ ብያለሁ፣ ለእይታ...»

ቀና ስትል የምታወራው ለባዶ ክፍል ነበር። ጋሽ ዘመም ከድንጋዩ ኳስ ሥር ሽብልቅ የሚሆን እንጨት ፍለጋ ደረጃውን ሦስት ሦስት እየዘለለ ወርዷል፤ ከግቢው በር ላይ የጭነት መኪናው ጡሩምባ ሲነፋ ይሰማል።